ሳጥኑን ይዞልኝ የገባው ጓደኛዬ

እናቴ ካረፈች ብዙ ዘመን ሆኗታል፤ ስለዚህ አሁን ልናገረው እችላለሁ። እሷ በሕይወት እያለች ይህን ታሪክ ለቤተሰቤ እንኳ ትንፍሽ አላልኩም። ስትጨርሱት ለምን እንደሆነ ይገባችሁ ይሆናል። ካልገባችሁም አልቀየማችሁም፤ እኔም አንዳንድ ቀን አይገባኝም።

ነገሩ የሆነው በጃንሆይ ዘመን የመጨረሻ ዓመታት ላይ ነው። ኮልፌ ቀራንዮ ያን ጊዜ ከተማም ገጠርም ነበረች፤ ጠዋት የአውቶቡስ ጥሩምባ ትሰማለህ፣ ከሰዓት በኋላ የጎረቤት ላም ጎመንህን ትበላብሃለች። እኔ ጦር ኃይሎች አጠገብ በነበረ አንድ ጋራዥ የመኪና ቀለም ቀቢ ነበርኩ። አባቴ ሞቷል፤ የምኖረው ከእናቴ ጋር፣ እሷና አባቴ ጭቃ አቡክተው በሠሩት ቤት ውስጥ ነበር። ከጓደኞቼ ጋር ሲሆን እንደ ልቤ አወራለሁ። አለቃ ወይም ባለሥልጣን ፊት ስቆም ግን ምላሴ ይተሳሰራል፤ "እ... እ..." ብዬ እቀራለሁ።

ጓደኛዬ መክብብ የእኔ ተቃራኒ ነበር። እናትና አባቱ በልጅነቱ ሞተውበት ከእኛ ቤት ቀጥሎ ካለው አጎቱ ጋር አደገ፤ አደገ ማለት እዚያ ያድር ነበር፣ የሚበላው ከእኛ ጋር ነው። እናቴ ለእኔ ልብስ ስትገዛ ለእሱም ትገዛለች፤ እኔን ስትገርፍ እሱንም ትገርፈዋለች። ሲያድግ ፒያሳ ጨርቃ ጨርቅ ሻጭ ሆነ። አፉ ማር ነው። ምንም ልትገዛ ያልገባች ሴት ሁለት ሦስት ዓይነት ጨርቅ ታቅፋ፣ እየሳቀችና እየመረቀችው ትወጣ ነበር።

እንግዲህ አትሳቁብኝ፤ እኔና መክብብ የትንንሽ መኪና ሰብሳቢዎች ነበርን። ልጅ ቆርቆሮ አጣጥፎ የሚሠራውን መጫወቻ ማለቴ አይደለም። መዳፍ ላይ የምትቀመጥ፣ ከብረት የተቀረጸች፣ የበር እጀታዋና የፊት መብራቷ ሳይቀር እውነተኛዋን መኪና የምትመስለዋን ማለቴ ነው። ሱሱን ያስያዙን ኮልፌ ገበያ አጠገብ ሱቅ የነበራቸው ጋሽ ሁሴን ናቸው። የእህታቸው ልጅ የጅቡቲ ባቡር ላይ ይሠራል፤ እዚያ ያሉ ፈረንሳዮች ልጆቻቸው ሲያድጉ የሚጥሏቸውን መኪናዎች እየለቀመ ያመጣላቸው ነበር። አንዳንዷ ጎማ የላትም፤ አንዳንዷን ልጅ አኝኳታል። እኔ ከጋራዡ በተረፈ ቀለም አድሳታለሁ፤ መክብብ ከጨርቅ ቤቱ ቁርጥራጭ ቬሉቶ አምጥቶ መቀመጫ ያለብሳታል።

ጋሽ ሁሴን ሕግ አወጡልን። "የፈረንሳይ ብቻ። እሷም የድሮ፣ የቤተሰብ መኪና ብቻ። እሽቅድምድም አልወድም፤ የጭነትም አልፈልግም። እናት፣ አባትና ልጆች የሚሳፈሩባት መሆን አለባት" ይሉ ነበር። እንዲህ እንዲህ እያልን ሰበሰብን፤ ጥቁር ሲትሮየን፣ ጀርባዋ የጎበጠ ፔጆ 203፣ ጥንዚዛ የምትመስል ሬኖ፣ ከእነ ሽፋኗ የመጣች ሲምካ። አናጢ ለምነን መስታወት ያለው ሳጥን አሠራንላቸው። ሳጥኑ ማን ቤት ይቀመጥ የሚል ጭቅጭቅ ሲነሳ መክብብ ዘዴ አመጣ። "እንደ ጽዋ ማኅበር እናድርገው! በየወሩ በተራ ይዙር። ተረኛው ይደግሳል፣ ሳጥኑን በሁለት እጁ ይቀበላል" አለ። ማኅበር ካለ ደግሞ የሚመራው ሙሴ መሾም አለበት። ሙስሊሙን ጋሽ ሁሴንን ሙሴ አድርገን ስንሾማቸው እስኪያስላቸው ሳቁ። "ሙሳ የእኛም ነቢይ ነው፤ እቀበላለሁ" አሉ።

ተራው የእኛ ቤት ሲሆን እናቴ ዳቦ ትደፋለች፣ ቆሎ ትቆላለች፤ ስታስተናግደን ደግሞ አፏ አያርፍም። "መኪና ያለው ልጅ ስጠኝ ብዬ ተስዬ ነበር፤ መጠኑን ሳልናገር ቀረሁ" ትላለች።

የፊታውራሪው ወኪል የመጣ ዕለት ጓሮ ሆና ጎመን ትቀነጥስ ነበር። ፊታውራሪው የሰፈራችን ባለ ርስት ናቸው። ቤቱ የእኛ ነው፤ ቤቱ የቆመበት መሬት ግን የእሳቸው ነበር። ወኪሉ በአጥሩ ላይ አንገቱን አስግጎ "ቦታውን ፊታውራሪ ለሌላ ሰው ሊሰጡት አስበዋል። ክረምት ሳይገባ ልቀቁ" አለን። እናቴ የያዘችውን ጎመን መሬት አስቀመጠችና "ወዴት?" ብቻ አለች። ወኪሉ ጀርባውን ሰጥቷት ሄደ።

ማታ መክብብ መጣ። እናቴ ጉልበቷን አቅፋ ተቀምጣለች፤ እኔ አጠገቧ ነኝ።

"ለቅሶ ምን ያደርጋል? ደጅ መጥናት ነው" አለ። "ፊታውራሪ ክፉ ሰው አይደሉም። ደህና አድርጎ የለመናቸውን አያሳፍሩም። ባዶ እጅ ግን አይገባም።"

"ምን አለንና ነው እጅ መንሻ የምንወስደው?" አልኩት።

ወደ እኔ ዞረ። "ሳጥኑ አለ" አለ።

የፊታውራሪው ሴት ልጅ የመክብብ ደንበኛ ነበረች። ጨርቅ ልትገዛ ስትመጣ የምታስከትለው ልጇ ከእጁ ሁልጊዜ አንዲት ትንሽ መኪና አትጠፋም፤ አያቱ ደግሞ ለእሱ ነፍሳቸውን ይሰጣሉ። መክብብ ይህን ሁሉ አጥንቷል። ለሳጥኑ ሳሳሁ፤ ነገር ግን አጠገቤ የተቀመጠችው እናቴ ናት። ሳጥን ከእናት አይበልጥም።

በማግሥቱ ለጋሽ ሁሴን ነገርናቸው። ሳጥኑ ያን ወር እሳቸው ሱቅ ነበር። መስታወቱን በሽርጣቸው ጫፍ እየወለወሉ ብዙ ቆዩ።

"ሙሴ ያላችሁኝ ማኅበሩን እንዳላፈርስ ነበር" አሉ። "ግን እናትህ ሜዳ ላይ ወድቃ እኔ መኪና ታቅፌ ብቀመጥ አላህ አይወድልኝም። ውሰዱት።" ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። "ገብቶ የሚናገረው ማን ነው?"

"መክብብ ነዋ" አልኩ።

"ባለ ጉዳዩ አንተ አይደለህም እንዴ?"

"ጋሽ ሁሴን፣ የእኔን ምላስ እያወቁት..."

"ይሁን" አሉ። ሳጥኑን በሁለት እጃቸው አስረከቡኝ።

ይህ ለእኛ አገር ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። ሚስት ስትፈልግ ሽማግሌ ይናገርልሃል፤ ችሎት ስትቆም ነገረ ፈጅ ይናገርልሃል። ጌታ ፊትም አፍ ያለው ሰው ይቀድማል። እናቴም "አፍ ያለው ጤፍ ይቆላል፤ መክብብ ይግባ" ብላ አጸደቀችው። ለበዓል ብቻ የምትለብሰውን ነጠላ አውጥታ ሳጥኑን በገዛ እጇ ጠቀለለችው።

ቅዳሜ ጠዋት ሄድን። ሳጥኑን አንዱን ጎን እኔ፣ አንዱን ጎን እሱ ይዘን ከአውቶቡስ ወረድን። የፊታውራሪው ግቢ በር ላይ ደጅ ጠኚው ሞልቷል፤ ማር የያዘ፣ ሙክት የሚጎትት፣ ማመልከቻውን ባርኔጣው ውስጥ የደበቀ። ዘበኛው ነጠላውን ገለጥ አድርጎ ሲያይ ዓይኑ ፈጠጠ። ገብቶ ተመለሰና "ሳጥን ያመጣው ይግባ ብለዋል። አንድ ሰው ብቻ!" አለ።

መክብብ አየኝ። "አንተ ትገባለህ?" አለኝ። ይህን ማለቱን ልደብቅበት አልፈልግም፤ ጠይቆኛል።

"አ... አንተ ግባ። የእናቴን ስም እንዳትረሳ" አልኩት። የኮቱን አንገትጌ አስተካከልኩለት፤ ትከሻው ላይ የነበረውን አቧራ አራገፍኩለት። ሳጥኑን ታቅፎ ገባ።

ከበሩ ግንብ ተደግፌ ጠበቅኩ። ለማርያም ተሳልኩ፤ ለገብርኤልም ተሳልኩ፤ አድልዎ እንዳይሆን ብዬ የቀራንዮውን መድኃኔዓለምንም ጨመርኩ። ሙክት የያዘው ሽማግሌ "አይዞህ ልጄ፣ ተናጋሪ ካለህ ግማሹ አልቋል" አለኝ። ፀሐዩ ግንቡን አልፎ አናቴ ላይ ሲደርስ መክብብ ብቅ አለ። እጁ ባዶ ነው፤ ነጠላው ብቻ ክንዱ ላይ ተንጠልጥሏል።

"ምን አሉ?"

"ተፈጸመ" አለ።

አቅፌ ከመሬት አነሳሁት። ሰው ሁሉ እያየኝ አለቀስኩ። ጉልበቱን ልስም ጎንበስ ስል "ተው አንተ!" ብሎ ገፋኝ። ፊቱን አዙሮ ነበር፤ እኔ ግን ዕንባው እንዳይታይበት መሰለኝ።

"ወረቀቱ በጸሐፊያቸው በኩል ይወጣል" አለኝ እየሄድን። "እስከዚያ ማንም ወደዚህ እንዳይመጣ። ፊታውራሪ መነዝነዝ አይወዱም።"

ያን ቀን እናቴ ለበዓል ያሳደገችውን ዶሮ አረደችለት። "ወልጄ ያላገኘሁትን ሳልወልድ አገኘሁ" እያለች አንገቱን ትስመዋለች። እኔም አልከፋኝ፤ እውነቷን ነው ብዬ አጎረስኩት። እሱ ግን ሆዴን አሞኛል ብሎ ቶሎ ተነሳ።

ከዚያ ወዲያ ቀናት አለፉ። መክብብ ሥራ በዝቶብኛል እያለ መምጣት ተወ። እናቴን አንድ ነገር እረፍት ነሳት።

"ያን የሚያህል ውለታ ተውሎልን እጅ ሳንነሳ መቅረታችን ነውር ነው" አለችኝ።

"መክብብ አትሂዱ ብሏል እኮ።"

"ልትለምኑ አትሂዱ ነው ያለው። ማመስገን ሌላ፣ መለመን ሌላ። ነገ ሄደህ ጉልበት ስመህ ትመለሳለህ። አንዲት ቃል መናገር አያቅትህም፤ አይዞህ።"

ሄድኩ። መንገዱን ሙሉ አንድ ዓረፍተ ነገር ሳጠና ነበር። "ጌታዬ፣ ለእናቴ ላደረጉላት ቸርነት እግዚአብሔር ይስጥልኝ።" አውቶቡስ ውስጥ ከንፈሬ ሲንቀሳቀስ ያየች ሴትዮ ጸሎት መስሏት አማተበች። ለምስጋና ነው የመጣሁት ስለው ዘበኛው ሳይከለክለኝ አስገባኝ።

ፊታውራሪው ሳሎን ውስጥ ወንበር ላይ ተቀምጠው ነበር። እግራቸው ሥር ምንጣፉ ላይ ያ የልጅ ልጃቸው ተንበርክኳል፤ ሳጥናችን ተከፍቶ መኪናዎቻችን ተደርድረዋል። ሲምካዋን ገልብጦ ሆዷን እያየ ነበር። እጅ ነሳሁ።

"ጌታዬ፣ ለ... ለእናቴ ላደረጉላት ቸርነት እግዚአብሔር ይስጥልኝ።" ወጣልኝ! ደስ አለኝ።

"ማን ናት እናትህ?" አሉ።

ስሟን ነገርኳቸው። ቀራንዮ፣ ከወንዙ በላይ፣ የባሕር ዛፉ አጠገብ ብዬ ቦታውን ነገርኳቸው። ግንባራቸው ተቋጠረ።

"ያን ቦታ እኮ ሳጥኑን ላመጣው ልጅ ሰጠሁት። ያ አንደበቱ የሚጣፍጥ። 'እናት አባት የለኝም፣ የምጠጋበት ጥግ የለኝም' ብሎ አስለቀሰን እኮ። በስሙ ተጽፎለት ወረቀቱን ከጸሐፊዬ ወስዷል።"

ከሁሉ የሚገርመኝ፣ አልዋሻቸውም። መክብብ እናት አልነበረውም። የነበረችው የእኔዋ ነበረች።

ብዙ ልናገር አፌን ከፈትኩ። ሳጥኑ የሦስታችን ነው፣ የመጣው ለእናቴ ነው፣ ነጠላው የእሷ ነው። "እ... እ... እኛ..." አልኩ፤ ሌላ አልመጣም። ፊታውራሪው አልተቆጡኝም፤ በትዕግሥት ጠበቁኝ። ቆይተው "እሱ ሲገባ አንተ የት ነበርክ?" አሉኝ።

"በ... በሩ ላይ።"

"ደጄ ላይ ቆመህ ነበር? ታዲያ ለምን አልገባህም?"

ዓይኔን ምንጣፉ ላይ ተከልኩ። "የሰጠሁትን መልሼ ብነጥቅ ነገ ማን ያምነኛል?" አሉ በሐዘኔታ፤ "ሌላ የቸገረህ ነገር ካለ ንገረኝ።" ልጁ ጥንዚዛዋን ሬኖ ሲነዳት መጥታ ጫማዬን ገጨች። ጎንበስ ብዬ አነሳኋትና ሰጠሁት። የግራ በሯን ቀለም የቀባሁላት እኔ ነበርኩ።

በቀጥታ ፒያሳ ሄድኩ። መክብብ ለአንዲት ሴትዮ ጨርቅ እየለካ ሲያየኝ እጁ ቆመ። ሜትሩን አስቀምጦ ተከትሎኝ ወጣ። በረንዳው ላይ ቆምን።

"ሄድክ?" አለኝ።

"ሄድኩ።"

"ማርያምን፣ ልናገርላት ነው የገባሁት" አለ። "'ምን ትፈልጋለህ ልጄ?' አሉኝ። በሕይወቴ አንድም ሰው እንዲህ ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም። የእትዬን ስም ልጠራ አፌን ስከፍት የራሴን ጠራሁ።"

"ስትወጣ ለምን አ... አልነገርከኝም?"

"በምን አፌ?"

መክብብ አፍ ሲያጣ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ብዙም አልቆየበትም። "ደግሞስ" አለ፤ "ለሌላ ሰው ሊሰጡት ወስነው ነበር። ባዕድ ከሚወስደው እኔ ብወስደው አይሻልም? ላገባ እንዳሰብኩ ታውቃለህ። ለእናንተ አልጨክንም፤ ክረምቱ እስኪወጣ ልትቆዩ ትችላላችሁ።"

ልትቆዩ ትችላላችሁ! እኛው ቤት፣ የእናቴ ጎመን መደብ አጠገብ! እዚያው በረንዳ ላይ ጓደኛዬ ጠፋና ባለ ርስት ያናግረኝ ጀመር። ብመታው ደስ ይለኝ ነበር፤ እጄ ግን እንደ ምላሴ ሆነብኝ። ጥዬው ሄድኩ።

ለእናቴ ሁሉንም ልነግራት ቆርጬ ነበር የገባሁት። በር ላይ ነው የጠበቀችኝ። "እጅ ነሳህልኝ? ምን አሉ? መክብብንስ አገኘኸው? ዳቦ አስቀምጬለታለሁ፤ ጠፋ እኮ ይሄ ልጅ" አለች በአንድ ትንፋሽ።

"ፊታውራሪው ሐሳባቸውን ለውጠዋል" አልኳት።

መደቡ ላይ ቁጭ አለች። ግድግዳውን፣ ጣሪያውን አየች። ከዚያ ነጠላዋን አጣፍታ "ይሁን። ሁለት ልጆች አሉኝ፤ አንዱ ቢያቅተው አንዱ ያኖረኛል። መክብብ እንዳይሰማው፤ ለፍቶ ለፍቶ ሳይሆንለት ቀረ ብሎ ያዝናል" አለች።

ምን ልበላት? ቤቷን በዚያው ቀን አጥታለች፤ ልጇን ደግሞ እንዴት ልጨምርላት? ቃሉን ዋጥኩት። ለጋሽ ሁሴን ብቻ ነገርኳቸው። "ሳጥኑን የሰጠሁት ለእናትህ ነው። ለሌላ ለማንም አልሰጠሁም፤ ይህን አላህ ያውቃል" አሉ። ማኅበሩም በዚያው ፈረሰ።

ክረምቱን አልጠበቅንም። ዕቃ የምናወጣ ዕለት ማን ቢመጣ ጥሩ ነው? መክብብ ራሱ! የጭነት መኪና ለምኖ ይዞ መጣ። እጅጌውን ሰብስቦ አልጋውን ተሸከመ፣ ሞሰቡን በጥንቃቄ ጫነ፤ ወደ እኔ ግን አንዴም አላየም። ሲያልቅ እናቴ በጎረቤት ፊት አቆመችውና እጆቿን ዘረጋች።

"እኔን ተሸክመህ እንዳወጣኸኝ ተሸካሚ አትጣ። ለእኔ ያልሆነው ይሁንልህ። ቤትህ ይሙላ፣ ደጅህ አይዘጋ!"

ጎረቤቱ "አሜን!" አለ። መክብብም ራሱን ዝቅ አድርጎ "አሜን" አለ። እኔ አላልኩም። እናቴ አይታኛለች፤ ያን ዕለት የጀመረችውን ቅያሜ ይዛብኝ ቀረች።

ከገበያው ጀርባ ወደተከራየነው ክፍል ገባን። ቦታውን መክብብ አጥሮ ቤት መሥራት መጀመሩን ስትሰማ "እንኳን ባዕድ አልወሰደው" አለች። እሱ ግን ሊጠይቃት አልመጣም። እሷም ጥፋቱን በእኔ ላይ አደረገችው። "ቀንተህበት ነው። ጓደኛህ ሲያልፍለት ዓይንህ ቀላ። አሳድጌህ እንዲህ ያለ ሰው መሆንህን ሳላውቅ ኖርኩ" ትለኝ ነበር። ዓመታት እንዲህ አለችኝ።

አንባቢዎቼ፣ ያ ቅዳሜ ከእኔ ላይ ምን እንደወሰደና ምን እንደሰጠ ብትጠይቁኝ፣ ትንንሽ መኪናዎችን ወሰደብኝ፤ ዛሬም በሱቅ መስኮት ሳያቸው መንገድ እሻገራለሁ። የሰጠኝ ደግሞ ይኼን ነው፤ ከዚያ ወዲህ ማንም ስለ እኔ እንዲናገርልኝ ፈቅጄ አላውቅም። ሚስቴን እንኳ ስጠይቅ ሽማግሌ አልላክሁም። አማቴ ፊት ብቻዬን ቆሜ ተንተባተብኩ። "ይህ ምን ዓይነት ስድ ነው!" ብለው ተቆጡ፤ እኔ ግን እስክጨርስ ከቦታዬ አልነቃነቅም አልኩ። ሰጡኝ። እናንተም ጉዳያችሁን ለማር አፍ ከመስጠታችሁ በፊት ራሳችሁ ግቡ። መንተባተብ አያሳፍርም። ጌታ ይጠብቃል፤ ያን ቀን በዓይኔ አይቻለሁ፣ ፊታውራሪው ጠብቀውኝ ነበር።

እናቴ በጠና የታመመችው አብዮቱ ሊመጣ ጥቂት ሲቀረው ነው። የንስሐ አባቷ አናዝዘዋት ሲወጡ አስጠራችኝ።

"አንድ ነገር ቃል ግባልኝ" አለች። "ከመክብብ ታረቅ። እንዲህ ተኳርፋችሁ ጥያችሁ ብሄድ ነፍሴ አታርፍም። አንተ ሂድና ይቅርታ ጠይቀው።"

የሟች ቃል አይሰበርም። እሺ አልኳት፤ ሳቀችልኝ።

ከተቀበረች በኋላ ሄድኩ። በሩ አዲስ የቆርቆሮ በር ነው። አንኳኳሁ። መክብብ ልጁን ታቅፎ ከፈተልኝ፤ ከኋላው አባቴ የተከለው ባሕር ዛፍ ይታያል። ኮፍያዬን አወለቅኩ።

"እናቴ አርፋለች" አልኩት። "ይቅርታ ጠይቀው ብላኛለች። ይቅር በለኝ።"

ልጁን ከአንድ ክንዱ ወደ ሌላው አዛወረ። መሬት መሬት አየ። ሁሉንም ይናገራል ብዬ ጠበቅኩ፤ እንደ ፊታውራሪው፣ በትዕግሥት ጠበቅኩት። በመጨረሻ ቀና አለ፤ እጁን ትከሻዬ ላይ አሳረፈ።

"ይቅር ብዬሃለሁ" አለኝ።